ሞራ ላይ የተጻፈ ግጥም

በድርሰታችን ውስጥ አንድ የታወቀ ሰው አለ። ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ከደጃፍ ወይም ከዋርካ ሥር ተቀምጧል። ዐይኖቹ አያዩም። ገና ብቅ ሲል አንባቢው ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ጥበብ ሊናገር ነው። ወጣቱ ባለታሪክ የሳተውን መንገድ እርሱ ያመለክተዋል፤ ሌሎች በሁለት ዐይናቸው ያላዩትን ክፋት እርሱ በድምፅ ብቻ ይለየዋል፤ ከዚያም ይሞታል። ደራሲው ‹‹የውስጥ ዐይን›› ይለዋል፤ ሃያሲው ‹‹ተምሳሌት›› ይለዋል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ‹‹ለመሆኑ እኒህን ሽማግሌ ሐኪም አይቷቸዋል?›› ብሎ የሚጠይቅ ገጸ ባሕርይ ግን እስከ ዛሬ ካነበብሁት ሁሉ አንድም አላጋጠመኝም።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው በሽማግሌው ላይ ሳይሆን በአጨብጫቢዎቹ ላይ ነው። በእኛ፣ ሥነ ጽሑፍ እንወዳለን በምንለው ላይ። ከተከሳሾቹም የመጀመሪያው እኔው ነኝ።

ያሳደጉኝ አክስቴ፣ እቴቴ የምንላቸው፣ ጎሕ ሲቀድ ዳዊት ሳይደግሙ እህል አይቀምሱም። ከመስኮቱ ሥር ካለችው ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መጽሐፉን ከፍተው ይደግማሉ፤ ገጹም በጊዜው ይገለጣል። አንድ ዓመት ለፋሲካ ቤቱ ቀለም ሲቀባ መጻሕፍቱ ሁሉ ከመደርደሪያው ወርደው ተደበላለቁ። በማግሥቱ ጠዋት ሻይ ላቀርብላቸው ስጠጋ እቴቴ እንደ ወትሮው የዕለቱን መዝሙር ይደግማሉ፤ ከእጃቸው ያለው ግን የእኔ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ነበር። እንደ ዳዊታቸው በጥቁር ፕላስቲክ የተሸፈነ በመሆኑ በዳበሳ እርሱን መስሏቸዋል። ከሦስት ማዕዘኖች ሥዕል ላይ ዐይናቸውን ተክለው ይደግማሉ፤ አንድ ቃል አልሳቱም። ገጹንም በጊዜው ገለጡት።

ስንት ዘመን እንዲህ ሲያደርጉ እንደኖሩ ማናችንም አላወቅንም። እርሳቸውም አልነገሩንም፤ ልጆችን ማስቸገር አይወዱም።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ግጥም ጻፍሁ። ዐይኗ ቢፈዝ ልቧ የሚያነብ፣ ቀለም ቢከዳት ቃሉ ያልከዳት አሮጊት የምትወደስበት ግጥም። ሦስት ማዕዘኖቹንም የሥላሴ ምልክት አደረግኋቸው። በአንድ የግጥም ምሽት አነበብሁት፤ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ አንድ ጎልማሳ መጥቶ እያለቀሰ ግንባሬን ሳመኝ። ቆይቶም ከሌሎች ግጥሞቼ ጋር ታተመ። እቴቴን ወደ ሐኪም የወሰድኋቸው ግን ሒሳብ መጽሐፉን ካየሁ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሁለት ጊዜ ከደረጃ ወደቁ። ቡናውን ከሲኒው ውጭ መቅዳት ስለ ጀመሩ ከቡና ማፍላት ተገለሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤቱን ቡና ያፈሉ ሴት። እንግዳ ሲመጣ ፊት ስለማይለዩ ዝም ማለት አበዙ። ዝም ሲሉም ‹‹እየጃጁ ነው›› ተባለ። ጃጀ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከፊቱ ቁጭ ብለው እንደሌለ አድርገው ያወሩበታል፣ ርስቱን ያካፍሉበታል። (በአሜሪካ፣ ሲያትል አካባቢ በሚኖሩ አረጋውያን ላይ ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሞራቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎች ሞራው እንዳለ ከተቀመጠባቸው ይልቅ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ምክንያቱ ገና እየተመረመረ ነው። የእኛ ቤት ምርመራ ግን በአንድ ቃል አልቆ ነበር።) አንድ ሰሞን ደግሞ ግራ ዐይናቸው ቀልቶ ራሳቸውን ፈለጣቸው። ምች ነው አልንና ዳማከሴ አሸን። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

‹‹ሞራ›› የሚለውን ቃል እስቲ ቆም ብለን እንየው። ሞራ ከታረደ በግ ወይም በሬ የሆድ ዕቃ ላይ የሚገፈፈው ነጭ የስብ መረብ ነው። ሞራ ገላጭ የሚባል ባለሙያ ነበረን፤ ሞራውን ዘርግቶ፣ መሥመሩንና ነጠብጣቡን እያየ፣ የሚመጣውን ዝናብና ጦርነት፣ የቤቱን በረከትና ሞት የሚናገር። ብሌን ላይ የሚታየውን ነጭ ነገር በዚህ ስም የሰየመው ሰው ጥሩ ዐይን ነበረው። ስሙ ግን አንድ ስሕተት አስከትሎብናል። ከላይ የተጋረደ፣ ሊገፈፍ የሚችል ሽፋን አስመስሎብናል። እውነቱ ከብሌኑ በስተኋላ ነው። እዚያ ያለው ሌንስ ከውሃና ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ፕሮቲኑ ይቋጠራል፣ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ጥራቱን ያጣል። የስኳር በሽታ፣ ትምባሆ፣ የፀሐይ ጨረር፣ ምት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች ያፋጥኑታል። ከሌንሱ ውስጥ የሆነ ነገር በመሆኑም ታጥቦ አይለቅ፣ በጠብታ አይሟሟ፣ በቅጠል ጭማቂ አይጠራ። ጠበል የሚወስዱ ይውሰዱ፤ እኔም ከእቴቴ ጋር ሄጃለሁ። ከጠበሉ መልስ ግን ሐኪም ቤትም አለ።

አመጣጡ ቀስ ያለ ነው፤ ሕመም የለውም። የመብራት ዙሪያ ቀለበት ይሠራል። የፊት ለፊት መኪና ብርሃን ዐይን ይወጋል። ነጭ ነጠላ የቆየ ቅቤ ይመስላል፤ ሰማያዊና ጥቁር ይመሳሰላሉ። ከሁሉ የሚያታልለው ግን ይህ ነው፦ አንዳንድ ሰው ሞራው ሲጀምረው የቅርብ ዕይታው ለጊዜው ይሻለዋል። ሌንሱ ሲጠነክር ብርሃን የሚሰብርበት ኃይል ስለሚለወጥ፣ ሃያ ዓመት በመነጽር ያነበበ ሽማግሌ አንድ ጠዋት መነጽሩን አውልቆ ጋዜጣ ያነባል። ቤተሰቡ እልል ይላል፤ ‹‹ዐይናቸው ታደሰ!›› ተብሎ ለጎረቤት ይነገራል። ከወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጋዜጣውም፣ አንባቢው ያየው የነበረው ደጅም አብረው ይጠፋሉ። ያን ጊዜ ማንም እልልታውን አያስታውስም፤ ‹‹እርጅና ነው እንግዲህ›› ይባላል።

‹‹እርጅና ነው›› ስንል በሽታ የምንሰይም ይመስለናል፤ የምናደርገው ግን ጥያቄውን መዝጋት ነው። የጥርስ ሕመም ያለበትን አዛውንት ማንም በዚህ ቃል አያሰናብተውም፤ ዐይን ላይ ስንደርስ ግን ቃሉ እንደ ፍርድ ቤት ማኅተም ያርፋል። በእርጅና ዐይንን የሚጎዳው አንድ ነገር ብቻም አይደለም። ከአርባ ዓመት በኋላ የቅርብ ፊደል የሚደበዝዘው በመነጽር ይስተካከላል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ግላኮማ ግን ነርቡን በዝምታ የሚበላ ነው፤ የበላውን አይመልስም፤ ያልበላውን ማትረፍ የሚቻለው ቀድሞ የደረሱበት እንደሆነ ነው። እነዚህን ሁሉ ‹‹እርጅና›› ብሎ በአንድ ጆንያ የሚከት ሰው የሚድነውን ከማይድነው ጋር ይቀብራል።

ሁለተኛው ቃላችን ‹‹ይብሰል›› ነው። ሞራው ገና አልበሰለም፣ ይቆይ። እርግጥ ነው፣ በድሮው ቀዶ ሕክምና ሐኪሞቹ ራሳቸው እስኪበስል ጠብቁ ይሉ ነበር። ዛሬ መስፈርቱ ሰውየው ማንበብ፣ መሥራት፣ ያለ ሰው መራመድ ሲያቅተው ነው። እንዲያውም ከልክ በላይ የቆየ ሞራ ቀዶውን ያከብደዋል፤ አንዳንዴም አብጦ ወይም ፈስሶ የዐይኑን ግፊት ድንገት ያስነሣል፤ ያን ጊዜ ዐይን ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ነርቡም ይጎዳል። እቴቴን ዳማከሴ ያሸንባቸው ሰሞን የሆነው ይህ ነበር።

መድኃኒቱ እንዴት እንደተገኘ ሳስበው ከብዙ ልብ ወለዶቻችን የተሻለ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አብራሪዎች ዐይን ውስጥ ከተሰባበረው የአውሮፕላን መስኮት የፕላስቲክ ስንጥር ገባ። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል የዐይን ሐኪም ስንጥሩ ዐይኑን እንዳላስቆጣው ልብ አለ። ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ በኅዳር 1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በአንዲት ሴት ዐይን ተከለው። የሙያ ጓደኞቹ ለዓመታት አብጠለጠሉት። ዛሬ ግን ሞራው ይወጣል፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ በቦታው ይገባል፣ በአብዛኛው ቦታውን ብቻ አደንዝዘው ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ያልቃል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አንዱ ሌንስ ከመቶ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. ያረፈው አውስትራሊያዊው ፍሬድ ሆሎውስ የጀመረው ሥራ ካትማንዱ ላይና እዚሁ ጎረቤታችን አስመራ የሌንስ ፋብሪካ ካቆመ በኋላ ዋጋው ከአሥር ዶላር በታች ወረደ።

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያበቃቸው የዐይን ሞራ መሆኑን አሳየ። ብዙ የምንሰማለት ትራኮማ ድርሻው 11.5 በመቶ ነበር። ግማሽ ያህሉ! በድርሰታችን ዋርካ ሥር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ከሁለቱ አንዱ ተነሥቶ ወደ ቤቱ በራሱ እግር መሄድ ይችል ነበር ማለት ነው። ደራሲው ግን ለምዕራፍ አሥራ ሁለት ስለሚፈልገው አስቀምጦታል።

‹‹የቅኔ መምህራኑንስ ምን ልትል ነው?›› የሚለኝ ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ብርሃናቸውን አጥተው ከቃላቸው እያስነገሩ ትውልድ ያወጡ የኔታዎች ነበሩን፤ አሉንም። ጆን ሚልተንም ታላቁን ግጥሙን ለሌሎች እያስጻፈ ነው የጨረሰው። ለእነርሱ ያለኝ አክብሮት ከማንም አያንስም። ነገር ግን እነዚህ ሊቃውንት የተከበሩት ዕውቀታቸው ዐይናቸው እየጠፋም ስላልጠፋ እንጂ ዐይናቸው በመጥፋቱ አይደለም። ከየኔታዎቹ አንዱን ጠርታችሁ ‹‹በግማሽ ሰዓት ላሳይዎ እችላለሁ፤ ነገር ግን ምሳሌነትዎ ይቀርብናል›› ብትሏቸው በየትኛው ቅኔ እንደሚዘልፏችሁ መገመት አያቅትም።

ይልቁንስ የኖርንባቸውን መጻሕፍት በደንብ እናንብብ። ይስሐቅ በሸመገለ ጊዜ ዐይኖቹ ፈዘዙ። የፈዘዘው ዐይን ጥበብ ሰጠው? አልሰጠውም። የገዛ ልጁን በዳበሳ ለየሁ አለ፤ ተታለለ። ወንድማማቾች ተጣሉ፣ ታናሹ ለሃያ ዓመት ከአገር ጠፋ፣ እናት የምትወደውን ልጇን አጣች። የፈዘዘ ዐይን በአንድ ቤት ላይ የሚያመጣው ይህን ነው። ጦቢትን ደግሞ ተመልከቱ። ዐይኑ ላይ ነጭ ነገር ወጣበት፤ በሚስቱ እጅ ሥራ የሚተዳደር ሆነ፤ ለእግዚአብሔር ሞቴን ስጠኝ እስኪል ድረስ ተማረረ። ጳጉሜን 3 ቀን በዝናቡ የምንጠመቅለት ሩፋኤል ለዚያ ቤት ምን አመጣ? ስለ ውስጥ ዐይን ስብከት አላመጣም። ለልጁ ዓሣውን ያዝ፣ ሐሞቱን አስቀምጥ አለው። ልጁም መድኃኒቱን ከሩቅ አገር ተሸክሞ መጥቶ ከአባቱ ዐይን ላይ ያን ነጭ ነገር ገፈፈው። መጽሐፉ ከልጅ የጠበቀው ይህንን ነበር። እኔ ከሩቅ አገር ሳይሆን ከአንድ ታክሲ ርቀት አላመጣሁም።

ከገጠር ዐይን ሐኪም ሳያይ የሚያልፈውን ገበሬ አልወቅስም። የዐይን ሐኪሞቻችን አብዛኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ነጻ የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሲመጣ በመቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከሌሊት ጀምሮ የሚሰለፈውም ለዚሁ ነው። በብዙ ድሃ አገሮች ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ለዚህ ቀዶ የሚደርሱት ባነሰ ቁጥር ነው፤ እናት ‹‹ለእኔ ብላችሁ ገንዘብ አታባክኑ፣ ዕድሜዬ አልቋል›› ትላለች፣ ቤተሰቡም እውነት ብሎ ይቀበላታል። ፍርሃትም አለ። ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ሞራ እንዳለበት በ1912 እ.ኤ.አ. ተነግሮት ለአሥራ አንድ ዓመት ከቢላ ሸሸ፤ ሰማያዊውን ከአረንጓዴው መለየት ሲያቅተው በቀለም ቱቦዎቹ ላይ በተጻፈው ስም እየተመራ ይሥል ነበር፤ በመጨረሻ በ1923 ተቀደደ። የሞኔን ፍርሃት ይቅር እላለሁ። ይቅር የማልለው የራሴን ነው፤ እኔ የፈራሁት ቢላውን አልነበረም። ግጥሜ እንዳይፈርስብኝ ነበር የፈራሁት።

አሁን ደግሞ ወደ አሳታሚዎች። ፊደላችን በጥቃቅን ጭረት የሚኖር ፊደል ነው። ‹በላ›ን፣ ‹ቡላ›ን፣ ‹ቢላ›ን የሚለያቸው ምንድን ነው? ‹ቡ› ከወገቡ አንዲት ጭረት ያወጣል፤ ‹ቢ› ያችኑ ጭረት ከእግሩ ሥር ይጥላል። ሌንሱ መደፍረስ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ይህችን ጭረት ነው፤ ‹‹በላ›› የተባለው ሰው ‹‹ቢላ›› ይሆንበታል። ብራና የሚጽፉት አባቶቻችን ይህን ያውቁ ይመስል ዳዊቱን በደማቅ ቀለም፣ አንዱን ስንኝ በአንድ መሥመር እያሰፈሩ በትልቁ ጻፉት። እኛ ደግሞ ወረቀት ተወደደ ብለን (መወደዱስ እውነት ነው) ልብ ወለዱን በአሥር ነጥብ፣ የግርጌ ማስታወሻውን ጉንዳን በሚያክል ፊደል እናትማለን፤ የጀርባ ሽፋኑን ጥቁር ሥዕል ላይ ግራጫ አድርገን እንደረድራለን። ከዚያ ‹‹አንባቢ ጠፋ›› ብለን መድረክ ላይ እናለቅሳለን። አንባቢውማ አለ፤ ሥልሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ የጡረታ ጊዜ አለው፣ ዕድሜውን ሙሉ መጽሐፍ የገዛው እርሱ ነው። በእንግሊዝ አገር ፍሬድሪክ ቶርፕ የሚባል አሳታሚ በ1964 እ.ኤ.አ. የታወቁ ልብ ወለዶችን በትልቅ ፊደል ማተም የጀመረው ዐይናቸው ለደከመ አንባቢዎች ነበር። የእኛ አሳታሚዎች ከአንድ ተወዳጅ ልብ ወለድ ሁለት መቶ ቅጂ እንኳ በዐሥራ ስምንት ነጥብ አትመው ቢሞክሩት ምን ይሆናሉ?

እቴቴ የተቀደዱት ቀኝ ዐይናቸውን ነው። ፋሻው በተነሣ ማግሥት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት የጣሪያውን ጥግ ነበር። ‹‹ይህን ሁሉ የሸረሪት ድር ማን አሳደገው?›› አሉ። ቀጥሎ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ‹‹ሰማያዊ ነው እንዴ የቀባችሁት?›› ለዚያ ፋሲካ ከተቀባ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከዚያ መስታወት ጠየቁ፤ ብዙ ቆዩበት፤ ምንም አላሉም።

የግራውን ሐኪሙ መርምሮ ሞራው ቢወጣም እንደማያይ ነገረን። ነርቡ ሞቷል። መቼ እንደታመመ ሲጠይቀን ስለ ዳማከሴው ነገርነው፤ አልተቆጣም፤ ጻፈውና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ከወር በኋላ የማንበቢያ መነጽር ሲሠራላቸው መጽሐፌን ይዤ ሄድሁ። ግጥሙ ስለ እርሳቸው መሆኑን ከዚያ በፊት አልነገርኋቸውም ነበር። ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

‹‹ፊደሉን ምን እንዲህ አሳነሰው?›› አሉ።

‹‹አሳታሚው ነው፣ እቴቴ።››

‹‹ይህች አሮጊት እኔ ነኝ?››

‹‹አዎን።››

‹‹ሒሳብ መጽሐፉን አይተኸው ነበር?››

‹‹አይቼው ነበር።››

መነጽሩን አውልቀው አጠፉት፤ መጽሐፉንም መለሱልኝ። ‹‹በል እስቲ ዳዊቴን ከመደርደሪያው አቀብለኝ›› አሉ።